ሠርግ ማሰናዳት ቀላል ነገር አይደለም፦ ለአንድ ትችት የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ሰው ልኮልኝ አንድ የአማርኛ ትችት አነበብኩ። የተጻፈው ሆልማርክ ቻናል የተባለው የአሜሪካ ጣቢያ ለዓመታት በጁን ወር ባሳያቸው የሠርግ ፊልሞች ላይ ነው። ጸሐፊው ፊልሞቹን ክፉኛ ጠምደዋቸዋል። መጨረሻቸው አስቀድሞ ይታወቃል ይላሉ። ስለ ቬሎና ስለ ኬክ ብቻ ያወራሉ ይላሉ። ሴቷን ሥራዋን ያስጥሏታል፣ የካርድ ነጋዴ ማስታወቂያ ናቸው፣ በጥድፊያ የተሠሩ ናቸው፣ አሜሪካ ያለነውን ሐበሾችም የማንችለውን ድግስ አስለምደውናል ይላሉ። በመጨረሻም እናቶቻችንና እህቶቻችን እነዚህን ፊልሞች ቢተዉ ይሻላል ብለው ይመክራሉ።

እኔ ፊልሞቹን እወዳቸዋለሁ። ጽሑፉ ጨዋ ነው፣ ስድብ የለበትም። ስለዚህ በየነጥቡ ልመልስላቸው።

ላላያቸው ሰው ባጭሩ ልንገር። የሠርግ ቀን ተቆርጧል። ጊዜው አጥሯል። የሠርግ አዘጋጇ፣ ወይ ሚዜዋ፣ ወይ ሙሽሪት ራሷ፣ ከማታውቀው ወይም ድሮ ከተለያየችው ሰው ጋር አብራ ማሰናዳት ግድ ይሆንባታል። አበባ ይመርጣሉ። ኬክ ይቀምሳሉ። የተያዘው አዳራሽ ይሰረዛል። እየተከራከሩ ይቀራረባሉ። ሠርጉ ይደርሳል፤ እነሱም በመጨረሻ ይሳሳማሉ። ይኸው ነው።

ጸሐፊው ቀድመው የሚያነሱት መጨረሻው መታወቁን ነው። ገና በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ማን ከማን ጋር እንደሚሆን ከገባን፣ የቀረውን ለምን እናያለን ብለው ይጠይቃሉ። እውነት ነው፣ ይገባናል። ግን ሠርግ የተጠራ ሰውም ሙሽራው እንደሚመጣ ያውቃል። ያም ሆኖ በር በሩን ያያል። ሙሽሪት ነጭ ለብሳ እንደምትወጣ ያውቃል። ስትወጣ ግን እልል ይላል።

መጨረሻው ሲታወቅ ዓይን ሌላ ቦታ ያርፋል። ሰውየው ስለ እናቷ የነገረችውን ያስታውሳል ወይስ ረስቶታል? ስህተቱ የማን ነበር፣ ይቅርታ የጠየቀውስ ማን ነው? እሷ ስትናደድ ሥራውን ጥላ ትሄዳለች ወይስ እየተናደደች ትሠራለች? እኔ እነዚህን ፊልሞች ሳይ የምከታተለው ይህንን ነው። ሌላም ነገር አለ። ከእኛ ሰው ስንቱ ነው የሌሊት ፈረቃ ሠርቶ፣ ሕመምተኛ ሲያገላብጥ አድሮ ወይ መኪና ሲያቆም ውሎ ቤቱ የሚገባው? ቀኑን ሙሉ ምን እንደሚመጣ በማያውቀው ነገር መሃል የዋለ ሰው፣ ማታ መጨረሻው የታወቀ ታሪክ ቢመርጥ ነውሩ ምን ላይ ነው?

በዚህ ነጥብ ላይ አንድ ነገር ግን ለጸሐፊው እሰጣለሁ። ፊልሙ ሊያልቅ ሩብ ያህል ሲቀረው የሚመጣው ጠብ ያናድዳል። ሴትዮዋ ከበር ጀርባ ግማሽ ወሬ ትሰማለች። ትከፋለች፣ ሻንጣዋን ትሸክፋለች። አንድ ጥያቄ ብትጠይቅ ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ይህ የአጻጻፍ ስንፍና ነው፤ ምክንያቱም ይታወቃል። ፊልሙ የሚተላለፈው በሁለት ሰዓት ውስጥ ቢሆንም የራሱ ርዝመት 84 ደቂቃ አካባቢ ነው። የቀረው ማስታወቂያ ነው። ታሪኩ ለማስታወቂያው ሲባል በ9 ቁራጭ ይከፈላል። እያንዳንዱ ቁራጭ ሲያልቅ ተመልካቹ ጣቢያ እንዳይቀይር አንድ የሚያንጠለጥል ነገር ያስፈልጋል። ያ ከበር ጀርባ የሚሰማ ወሬ የሚመጣው ከዚህ ነው። ጸሐፊው ትችታቸውን እዚህ ላይ ቢያተኩሩት ኖሮ አብሬያቸው እቆም ነበር።

ሁለተኛው ነጥባቸው በጣም የከነከነኝ ነው። ቬሎ፣ አበባ፣ ኬክ፣ የጠረጴዛ ጨርቅ ተራ ነገር ነው፣ ስለ ትዳር የሚያስተምረን የለም ይላሉ።

ሠርግ አሰናድቶ የሚያውቅ ሰው እንዲህ አይልም። ሁለት ሰዎች ለመጀመሪያ ጊዜ የጋራ ገንዘብ የሚያወጡት ያኔ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የሁለት ቤተሰብ ፍላጎት በአንድ ወረቀት ላይ የሚጋጨውም ያኔ ነው። የጥሪ ዝርዝሩ ላይ የእሱ አጎት ገብቶ የእሷ አክስት ከቀረች፣ ጉዳዩ ከወንበር ቁጥር በላይ ነው። አንደኛው ዝም ብሎ ይዋጥ ወይስ ይናገር? የተናገረውስ ሰው ይደመጣል? ትዳሩ በኋላ የሚሄድበት መንገድ ያኔውኑ መታየት ይጀምራል። ወላጆቻችን «ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ» እያሉ የሚተርቱት ነገር ሳያሰናዱ ቀን ለሚደርስባቸው ሰዎች ሁሉ ነው። ተረቱ ግን የተወለደው ከሠርግ ቤት ነው። በዝግጅት ሰው እንደሚፈተን ከእኛ በላይ የሚያውቅ የለም።

ኬክ የሚቀመስበትን ትዕይንት እንይ። በእነዚህ ፊልሞች ውስጥ የማይቀር ነው። ብዙ ጊዜ የሚቀምሱት ሙሽሮቹ አይደሉም። ሙሽሮቹ አልተመቻቸውም፤ ሚዜዋና ሚዜው ተልከዋል። ባለ ኬክ ቤቷ እጮኛሞች ይመስሏታል። እነሱም ለማረም ያፍራሉ። ከዚያ እሱ ቸኮሌት ይላል፣ እሷ ሎሚ ትላለች። አሁን ማየት ያለብን እሱ ምን እንደሚያደርግ ነው። የራሱን ይጭናል? ይሉኝታ ይዞት የማይወደውን ወድጄዋለሁ ይላል? ወይስ ሙሽሪት የምትወደው የትኛውን ነው ብሎ ይጠይቃል? ጥሩ በተሠራ ፊልም ውስጥ ይህ ሦስተኛው ጥያቄ ሲመጣ የሴትየዋ ፊት ይለወጣል። ስለ ፍቅር አንድም ቃል አልተነገረም፤ ግን ያ ሰው የሌላን ሰው ደስታ ከራሱ ምርጫ እንደሚያስቀድም አይታለች። እኔ ይህን ተራ ነገር ነው ማለት አልችልም። ለእጮኝነት ከዚህ የተሻለ መመዘኛም አላውቅም።

የእነዚህ ፊልሞች ትልቁ ሐሳብ እዚሁ ላይ ያለ ይመስለኛል። ሰዎቹ የሚዋደዱት አብረው ሲሠሩ ነው። ወንበር ሲደረድሩ፣ መብራት ሲሰቅሉ፣ የጠፋ ቀለበት ሲፈልጉ። ሌላው የፍቅር ፊልም ዓይን ለዓይን መተያየትን ያስቀድማል። እዚህ ደግሞ ሁለቱም የሚያዩት አንድ ሥራ ነው። ሥራ ላይ ሰው ብዙ አይደበቅም።

ጸሐፊው ፊልሞቹ የጉብል ቅዠት እንደሆኑም ይጠቅሳሉ። ዘ ዌዲንግ ማርች የተባለውን ተከታታይ ፊልም አላዩትም ማለት ነው። የመጀመሪያው በ2016 ወጣ፤ ስድስተኛው በ2021። ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ዋናዎቹ ተዋናዮች ጃክ ዋግነርና ጆሲ ቢሴት ናቸው፤ በ1990ዎቹ ሜልሮዝ ፕሌስ የተባለውን የቴሌቪዥን ድራማ ያየ ሰው ያውቃቸዋል። የሚጫወቱት ኮሌጅ እያሉ ይዋደዱ የነበሩ፣ ከብዙ ዓመት በኋላ ሠርግ ላይ የተገናኙ ሰዎችን ነው። ዕድሜያቸው ገፍቷል። ሕይወት አንድ ጊዜ አልፏቸዋል። በኋላ የእንግዳ ማረፊያ ይዘው የሌላ ሰው ሠርግ ያሰናዳሉ። ሃምሳ ዓመት የሆናት፣ ከተፋታች የቆየች፣ ልጆቿን ያሳደገች ሐበሻ እናት ይህን ፊልም ብታይ ጊዜዋን አባከነች የምንላት በምን አንደበት ነው? የእኛ ፊልሞች በዚያ ዕድሜ ላለች ሴት አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጧት የሙሽራ እናት የመሆንን ቦታ ነው።

ሦስተኛው ነጥብ ሴቷ ሥራዋን ትታ ትንሽ ከተማ ውስጥ ለአንድ ሰው ትቀራለች የሚለው ነው። እንዲህ ያሉ ፊልሞች አሉ። በተለይ በገና ሰሞን ጣቢያው የሚያሳያቸው፣ የከተማ ቢሮዋን ትታ የገና ዛፍ ከሚሸጥ ሰው ጋር የምትቀረዋ ሴት ታሪክ ብዙ ነው። ያን ትችት ለገና ፊልሞቹ እተወዋለሁ። የሠርግ ፊልሞቹን ግን አይገልጻቸውም።

ለማስረጃ ዘ ዌዲንግ ቬል የሚባሉትን ፊልሞች ልጥቀስ። በ2022 መጀመሪያ ሦስት፣ በጃንዋሪ 2023 ደግሞ ሌላ ሦስት ወጡ። ሌሲ ሻበርት፣ ኦተም ሪዘርና አሊሰን ስዊኒ ሦስት ጓደኛሞች ሆነው ይሠራሉ። ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ከአንድ የጥንት ዕቃ መደብር አንድ የሙሽራ ዓይነ ርግብ በጋራ ይገዛሉ። የያዘችው ሴት እውነተኛ ፍቅሯን ታገኛለች የሚል አፈ ታሪክ አለው። ይህ ተረት ነው፤ ፊልሙም ተረትነቱን አይደብቅም። ግን ሴቶቹን እንያቸው። አንዷ የሙዚየም ባለሙያ ናት። አንዷ የሥነ ጥበብ ታሪክ አስተማሪ ናት። አንዷ ጨረታ ቤት ትሠራለች። አንዳቸውም ለወንድ ብለው ሥራቸውን አይጥሉም። እንዲያውም ወደ ፍቅሩ የሚያደርሳቸው ሙያቸው ነው። አስተማሪዋ ኤማ ጣሊያን የምትሄደው ዓይነ ርግቡ ከየት እንደመጣ ለማጥናት ጭምር ነው። እዚያ የዳንቴል ሥራ ካለው ቤተሰብ የሆነውን ፓኦሎን ታገኛለች። ከተጋቡ በኋላ ሥራዋ ያለው ቺካጎ ነው፤ እሱም የዳንቴል ሱቁን የሚከፍተው እዚያው ነው። ጸሐፊው ከተናገሩት ተቃራኒው ነው የሆነው።

ስለ ዳንቴሉ አንድ ነገር ሳልል ማለፍ አልቻልኩም። ከቬኒስ አጠገብ ቡራኖ የምትባል ደሴት አለች። ሴቶቿ በመርፌ በሚሠሩት ዳንቴል ከ16ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የታወቁ ናቸው። ሙያው ሊጠፋ ሲል በ1872 የዳንቴል ትምህርት ቤት ተከፍቶ ነው የዳነው። እኔ ስለ ዳንቴል ታሪክ የመጠየቅ ፍላጎት ያደረብኝ ጸሐፊው ምንም አያስተምሩም ባሏቸው ፊልሞች ምክንያት ነው።

ከሁለተኛዎቹ ሦስት ፊልሞች ሌላም የወደድኩት አለ። ሠርጉ አልፏል። ሴቶቹ አግብተው ኑሮ ጀምረዋል። አንዷ ቤት እያደሰች ነው። አንዷና ባሏ በሥራ ምክንያት ያልሄዱበትን የጫጉላ ሽርሽር ዘግይተው ወደ ግሪክ ይሄዳሉ። ጣፋጭ ፊልም ሁሉ ሠርጉ ላይ ያበቃል ለሚል ሰው መልሱ ይኸው።

የካርድ ነጋዴ ማስታወቂያ የሚለው አራተኛው ክስ ግማሽ እውነት ይዟል። ሆልማርክ ካርድ ሻጭ ነው። ጆይስ ሆል የተባለ ወጣት በ1910 ካንሳስ ሲቲ ገብቶ፣ በጫማ ካርቶን የያዛቸውን ፖስት ካርዶች እየሸጠ ነው ኩባንያውን የጀመረው። የዛሬው ቻናል በዚህ ስም የመጣው በ2001 ነው። ሠርግ ካርድ ያሸጣል፣ ካርድም ሠርግ ይፈልጋል። ማንም አልደበቀውም። ሆኖም ይኸው ኩባንያ በዲሴምበር 24 ቀን 1951 በኤንቢሲ ጣቢያ ያቀረበው የመጀመሪያ ዝግጅት ኦፔራ ነበር። ጂያን ካርሎ ሜኖቲ ለቴሌቪዥን ተብሎ የደረሰው ነው። በዚያ ኦፔራ የተጀመረው የሆልማርክ ተከታታይ ዝግጅት በኋላ ኤሚ የተባለውን የቴሌቪዥን ሽልማት ከ80 ጊዜ በላይ አግኝቷል። ነጋዴ ገንዘብ ስላወጣበት ብቻ ሥራው ዋጋ ቢስ ይሆናል ካልን፣ በቴሌቪዥን ታሪክ ውስጥ የሚተርፍልን ጥቂት ነው።

በጥድፊያ መሠራታቸውን አልክድም። ቀረጻው አብዛኛውን ጊዜ 15 ቀን አካባቢ ነው። የሚቀረጹትም በብዛት ካናዳ፣ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ውስጥ ነው፤ የግብር ቅናሹና የምንዛሬው ልዩነት ወጪ ይቀንሳል። ስለዚህ ሰው ጥቂት ነው፣ ቦታው ጥቂት ነው፣ ንግግሩ ብዙ ነው። ጥሩ ተዋናይ ከሌለ ይወድቃል። ሌሲ ሻበርት ለዚህ ጣቢያ ከ30 በላይ ፊልም ሠርታለች። አንድ ትዕይንት ሁለት ሦስት ጊዜ ብቻ ለመድገም ጊዜ እያለ ፊት ላይ ስሜት ማምጣት ሙያ ነው። ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ። ጸሐፊው በጣም የተቆጡት እዚህ ላይ ነው። ልጆቻችን እነዚህን ፊልሞች እያዩ የማይቻል ሠርግ ይመኛሉ፣ ወላጅ በዕዳ ይዘፈቃል ይላሉ።

የዕዳው ነገር እውነት ነው። እኔም የማውቃቸው፣ የሠርጉን ዕዳ ከፍለው ሳይጨርሱ ልጅ የወለዱ ጥንዶች አሉ። ጉዳዩ ያሳዝነኛል። ግን ጥፋቱን ፊልሞቹ ላይ መጫን አይቻልም። ቀላሉ ማስረጃ ራሱ ስክሪኑ ላይ አለ። በሆልማርክ ሠርግ ላይ ያሉትን እድምተኞች እንቁጠር። ጥቂት ረድፍ ወንበር ነው። በ15 ቀን ለሚቀረጽ ፊልም 400 ሰው አሰልፎ ማብላት አይቻልም። ሠርጉ ብዙ ጊዜ በአንድ የእንግዳ ማረፊያ ጓሮ፣ ከዛፍ ሥር፣ በቅርብ ሰው ብቻ ነው የሚደረገው። አንዲት ልጃችን ፊልሙን እንዳለ ብትቀዳ ኖሮ ሠርጓ ያንስ ነበር።

የእኛን ሠርግ የሚያገዝፈው የእኛው ነገር ነው። ሰው ለሠርጉ የጠራኝን ሳልጠራ አልችልም። ቤተ ክርስቲያን አብሮኝ የሚያገለግለውን፣ ዕድርተኛውን፣ እናቴ ስትታመም የጠየቀውን አልተውም። ሠርጉ ሲያልቅ መልስ አለ። ከመልስ በኋላ ቅልቅል አለ። ሁለት ቬሎ፣ ሁለት አዳራሽ፣ ሁለት ቪዲዮ። ይህ ከውለታና ከፍቅር የመጣ ነው፤ ስለዚህ ነው ለመቀነስ የሚከብደው። ነጩን ቬሎም ቢሆን ሆልማርክ አላመጣብንም። ንግሥት ቪክቶሪያ በ1840 ነጭ ለብሳ ካገባች ወዲህ ዓለም ሁሉ ሲከተለው የኖረ ነው። አዲስ አበባ ቻናሉ ከመፈጠሩ በፊት ብዙ ሙሽሮችን በነጭ ቬሎ ድራለች።

ፊልሞቹ የሚወቀሱበት ነገር ሌላ ነው፤ ጸሐፊው ሳይጠቅሱት መቅረታቸው ገርሞኛል። ሂሳቡን ይደብቃሉ። አዳራሹ ሲሰረዝ ቅድመ ክፍያው ተመለሰ ወይስ ቀረ? ማንም አይጠይቅም። አበባው በአንድ ቀን ሲቀየር ማን ከፈለ? አይታወቅም። ሠርግ ላይ የሚሠራው ዘ ኖት የተባለው ድርጅት ባደረገው ጥናት በ2023 አንድ የአሜሪካ ሠርግ በአማካይ 35,000 ዶላር ፈጅቷል። ያንን ያህል ገንዘብ የሚወጣበት ጉዳይ ላይ የተሠራ ፊልም ውስጥ ሁለት እጮኛሞች ቁጭ ብለው ቁጥር ሲደምሩ አለማየቴ ቅር ያሰኘኛል። እሱ ዕዳ አለበት እንበል። ለእሷ የሚነግራት መቼ ነው? ከዚህ የበለጠ የሚያንጠለጥል ትዕይንት ከየት ይገኛል? ከበር ጀርባ ከሚሰማው ግማሽ ወሬ ይህ ስንት ጊዜ ይበልጥ ነበር።

ሌላው ወቀሳዬ የእኛን ፊት የሚመለከት ነው። ጣቢያው ለብዙ ዓመታት መሪ ቦታውን በአብዛኛው ለነጭ ተዋናዮች ሲሰጥ ኖሯል፤ ጥቁሮች የሙሽሪት ጓደኛ ሆነው ብቅ ይሉ ነበር። በ2022 ኩባንያው ማሆጋኒ በሚል ስም የጥቁር ሴቶችን ታሪክ የሚያቀርቡ ፊልሞች ጀመረ። ስሙ የመጣው ኩባንያው ከ1987 ጀምሮ ለጥቁር አሜሪካውያን ከሚያሳትማቸው ካርዶች ነው። ጥሩ ጅምር ነው፤ ግን የዘገየ ነው።

ጸሐፊው እናቶቻችን እነዚህን ፊልሞች ይተዉ ማለታቸውን አልቀበልም። በምትኩ ሌላ ነገር እጠይቃቸዋለሁ። ብዕራቸው ጥሩ ነው፤ ሠርጋችንንም ያውቁታል። ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ባለችው ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ የሚሰናዳ የአንድ ሐበሻ ሠርግ የ84 ደቂቃ ፊልም ይጻፉልን። ሽማግሌ የሚላከው ማን ነው በሚለው ይጀመር። አዲስ አበባ ያለው አባት በስልክ ይፍቀድ። ቀኑ ዐቢይ ጾም እንዳይገባበት በጥር ይሁን ሲባል፣ አዳራሹ ያለው በጁን ብቻ ይሁን። የእሷ እናት 300 ሰው ይጠራ ትበል፣ እሱ ያለው ገንዘብ ለ120 ብቻ ይብቃ። ዶሮ ወጡን የሚሠሩት አክስቶች እንጀራ ከየት ይምጣ በሚለው ይከራከሩ። ሚዜዋና ሚዜው ሱፍ ለመለካት ሲሄዱ ትራፊክ መሃል መኪና ውስጥ ይቆዩ፣ መጀመሪያ ይጣሉ፣ ቀጥሎ ያውሩ። እጮኛሞቹ ደግሞ አንድ ማታ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ደረሰኝ ዘርግተው፣ እሱ ያለበትን ዕዳ ይንገራት። እሷም ዝርዝሩን ወስዳ ከራሷ ዘመዶች ስም መሰረዝ ትጀምር።